መጽሐፉም ከሞተሩ ጋር ይምጣልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሳምንት ዘግይቶ ነው። ፊት ለፊቴ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ አንብቦ ሲጠግብ ይሰጠኛል፣ እኔ በግራሶ እጄ ዳር ዳሩን አጥቁሬ አነበዋለሁ፣ በመጨረሻ ረዳቶቼ መሬት ላይ ዘርግተው የተፈታ ዕቃ ይደረድሩበታል። የሰሞኑን ግን አላስነካሁም። አንድ አንባቢያችሁ «የጎንደር ጋራዦች ካስተካከሉት ያበላሹት ይበልጣል» ብለው የጻፉባትን ገጽ ቀድጄ ኪሴ ከትቻታለሁ። እሳቸው አንድ ዳዶ፣ ቡሎን ላይ የሚጠብቀውን ማሰሪያ፣ ለማስፈታት ገብተው፣ ቡሎኑ ተቆርጦ፣ ቀኑ አልቆ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ ነው የወጡት።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ግማሹ እውነት መሆኑ ታየኝ፤ እንዲያውም እኔ ከሳቸው የባሰ ታሪክ አለኝ። የቀረው ግማሽ ግን ከጋራዡ አጥር ውጭ የሚሠራ ጥፋት ነው፤ ዳዶው ገና ሳይነካ ቢሮ ውስጥ በወረቀት የሚሠራ። ይህን የምለው አንድ አክስል፣ ጎማ የሚያዞር ዘንግ፣ አስሮኝ የሰነበተበትን ጉዳይ አስታውሼ ነውና፣ ትንሽ ቢረዝምም አውጡልኝ።

ጋራዤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርዱ መንገድ ዳር ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አራተኛው ጎኑ ባሕር ዛፍ የሆነ ግቢ ነው። ሙያውን የጀመርሁት በ1977 ዓ.ም. በረዳትነት ነው። አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጅ ሳሉ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ብረት እያቀበሉ ያደጉ ሰው ነበሩ። ጣልያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ ዳዶና ቡሎን፣ ሮንዴላና ኮፒሊያ፣ ካቻቢቴና ሞርሳ የሚሉት ቃሎቹ ግን ሳይሄዱ ቀሩ። ዛሬም ረዳቶቼ «ሲቪ ጆይንት» ባሉበት አፋቸው «ኮፒሊያ አቀብለኝ» ይላሉ፤ የእኛ ሙያ ቋንቋ ከሁለት ሦስት አገር ዕቃ ተገጣጥሞ እንደተነሣ መኪና ነው።

ውሎዬ ከባጃጅ፣ ከአይሱዙና ዕድሜው ከረዳቶቼ ከሚበልጥ ቶዮታ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንድ መሥሪያ ቤት ባለአራት ጎማ ሞተር ጠግንልኝ ብሎ ጠራኝ። ላላየው ሰው፦ መሪው የሞተር ብስክሌት ነው፣ ኮርቻው የሞተር ብስክሌት ነው፣ ጎማው ግን አራት፣ ወፋፍራምና ለስላሳ ነው። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ነው። የኋላ ጎማዎቹ እንደ አይሱዙ በአንድ ወፍራም አክስል አልተያያዙም፤ እያንዳንዱ ጎማ ከዲፈረንሻሉ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው የማርሽ ቤት፣ የሚመጣ የራሱ አጭር አክስል አለው፣ አክስሉም በሁለት ጫፉ የሚተጣጠፍ ጆይንት አለው። ለዚህ ነው አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ሊገባ የሚችለው። ይህኛው ደንቢያ ውስጥ የከብት ክትባት የሚያመላልስ ነው፤ በክረምት የደንቢያ መረሬ አፈር ምን እንደሚያደርግ የረገጠ ያውቀዋል፣ ጫማ አውልቆ የሚያስቀር ጭቃ ነው።

በሽታው ቀላል ነበር። የኋላ ግራ አክስል የውስጥ ጆይንት ላስቲኩ ተቀዶ፣ ግራሶው ወጥቶ አሸዋ ገብቶበት ቀጭ ቀጭ ይላል። አክስሉን ማውጣት፣ ማጠብ፣ ላስቲክ መቀየር፣ ግራሶ መሙላት፣ መመለስ፤ በቃ። መሥሪያ ቤቱ እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። እኔ በኔ ላይ «ሦስት ቀን» ብዬ ጻፍሁ፤ ሁለቱን ቀን በዘይት ለመዘፍዘፊያ አስቤ ነው። ሌላው ጋራዥ «ግማሽ ቀን» ብሎ ከኔ ባነሰ ዋጋ ጻፈ። ፕሮፎርማ ላይ «ቀስ ብሎ የሚሠራ» የሚባል ዓምድ የለም፤ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ሥራው ለዚያኛው ሄደ። አልከፋኝም፤ እንዲህ ነው የምንኖረው።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ እኔ በር ላይ ቆመ። ከሾፌሩ እጅ አንድ ፌስታል ተቀበልሁ። ስከፍተው አክስሉ፣ የተቀደደ ላስቲክና አምስት የብረት ኳሶች። «ስድስተኛዋስ?» ብለው «እኔም ስድስት መሆናቸውን አሁን ከርስዎ ሰማሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። የአክስሉ የውስጥ ጫፍ፣ እኛ ኩባያ የምንለው፣ ጥርስ ያለው ጭራ አለው፤ ያ ጭራ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይሰካል። ቡሎን የለውም፣ ዳዶ የለውም። የሚይዘው አንዲት ከሽቦ ያልወፈረች፣ ጫፏ ያልተገናኘ የብረት ቀለበት ናት። ጭራው ላይ በተቆረጠላት ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሲገባ ጨምደድ ትልና ውስጥ ስትደርስ ትከፈታለች፤ ሲወጣም እንደዚያው ጨምደድ ማለት አለባት። ለዚህ ነው አክስል በዝግታ ተስቦ የማይወጣው። ቀጥ ብሎ፣ ድንገት፣ አጭር ጉተታ ይፈልጋል። የሚያዘውም ከኩባያው ነው፤ ዘንጉን ይዞ የጎተተ ሰው የሚጎትተው ጆይንቱን ነው። ዘንጉ ከነኳሶቹ ከኩባያው ተመንግሎ በእጁ ይቀራል፣ ኩባያው ዲፈረንሻሉ ላይ ተቀምጦ ይስቅበታል። የሆነውም ይኸው ነው። ሁለት ጎልማሶች እግራቸውን ፍሬሙ ላይ ተክለው ዘንጉን ሳቡ፤ ኳሶቹ ግቢውን ሞሉት።

በሌላኛው ጫፍ የሠሩት ደግሞ ከዚህም ያሳዝናል። አክስሉ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ ጋር ዝጎ ተጣብቋል፤ ዳዶውን ፈትተው አስቀመጡና የአክስሉን ጫፍ በባዶው በመዶሻ ወቀጡት። ከሞዞው ወጣ፣ አዎ። ዳዶ የሚጠብቅበት የአክስሉ ጥርስ ግን እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ዳዶ የማይቀበል ሆነ።

አሁን እንዳልፈርድባቸው የሚያደርገኝን ልንገራችሁ። በረዳትነቴ በሁለተኛው ዓመት አንድ ላንድሮቨር ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ልክ ይህንኑ። አለቃዬ አልጮሁብኝም፤ አልመቱኝም። ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ ሰጡኝና «በል እንግዲህ ጥርሱን አንድ በአንድ መልስለት» አሉኝ። ሁለት ቀን ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ ጎብጬ ሞረድሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ዳዶዋ በጣቴ ስትገባ፣ መጥተው አዩና፦ «ሁለተኛ ስትመታ ዳዶዋን መልሰህ ጫፍ ለጫፍ አስተካክለህ፣ እንጨት ወይም ነሐስ ደርበህ ምታ። ዳዶ ትሙት፣ ዳዶ ሱቅ አለች» አሉኝ። ያ ሞረድ ዛሬም አለኝ። የዚህን ሞተር የአክስል ጫፍ ያስተካከልሁትም በሱ ነው፤ ያውም ረዳቴን አስቀምጬ። ልጁ በግማሽ ቀን ጨረሰው፣ ከኔ ይሻላል።

ወደ ኩባያው እንመለስ።

መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን ዘይት አወጣነው። የመጣው ዘይት አልነበረም፤ ወተት የበዛበት ቡና ነበር። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ውሃ ከየት? ሾፌሩን ጠየቅሁት፤ የመገጭን ወንዝ ስንት ጊዜ በውሃው ውስጥ እንደተሻገረ ነገረኝ። ግን እነዚህ ሞተሮች ለውሃ የተሠሩ ናቸው፤ ዲፈረንሻላቸው አየር የሚተነፍስባት ቀጭን ቱቦ አለችው፣ ቱቦዋም ውሃ እንዳይደርስባት ወደ ላይ ወጥታ ትታሰራለች። ቱቦዋን በእጄ ተከትዬ ወጣሁ። ጫፏ ላይ ጨርቅ ተወትፏል። «ይህን ማን አደረገው?» አልሁ። ሾፌሩ በኩራት «እኔ ነኝ ጋሼ፣ ትቢያ እንዳይገባ ብዬ» አለኝ።

ልጁን ምን ልበለው? ለሞተሩ ሲል ነው ያደረገው። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ከዚያ እንደጋለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ድንገት ይኮማተርና ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ቱቦዋ ክፍት ብትሆን ከላይ አየር ትስብ ነበር፤ እሷ ስትወተፍ በኦይል ሲሉ፣ ዘይት እንዳይወጣ በሚከለክለው ላስቲክ፣ ከንፈር በኩል ወንዙን ጠጣው። ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ሞተሩ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ቆመ፣ ያቺ ቀለበት በተቀመጠችበት ቦይ ውስጥ ዛገች። ዝገት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ቀለበቷ ጨምደድ የምትልበትን ቦይ ከሥሯ ሞላባት፤ እንግዲህ ወዴት ትጨምደድ? አክስሉን የቀረቀረው አንዲት ጨርቅ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዱ ረዳቴ፣ ፈጣኑ፣ «ጋሼ በጋዝ እናግለው» አለ። እሳት የወጣቶች መልስ ነው። ሞዞው ላይ ቢሆን እሺ ባልሁት፤ ሞዞ ብረት ነው፣ ፍሬኑና ላስቲኩ ከተነሣ ሙቀት ይጠቅመዋል። የዲፈረንሻሉ ቤት ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ደህና መስሎ ቆይቶ ድንገት ይላሽቃል። ኦይል ሲሉም ይቃጠላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለበቷ የያዘችው ውስጥ ካለው የብረት ማርሽ ጋር ነው፤ ቤቱን ብታግለው ለሷ ምኗም አይደለም። ልጁ አልጠገበም። የፈላ ውሃ እናፍስስበት ብሎ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘንድ ጀበና ሊጠይቅ ሄደ። እኛ አገር ደግሞ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ግድም ላይ ይፈላል፤ ለቡና ይበቃል፣ ለዝገት አይበቃም አልሁት። እትዬ ቡና ይዘው ራሳቸው መጡ። ሦስታችን ተጋድመን ኩባያውን ስናንኳኳ አይተው «ምን ቢበድላችሁ ነው እንዲህ የምትደበድቡት?» አሉ። የችኩል ጅብን ነገርም ጨመሩልን፤ ቀንድ ነክሶ እንደሚቀር።

የዝገት መድኃኒት የሚረጨውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ደብሊውዲ-40 የሌለው ጋራዥ የለም። ያኛው ጋራዥ ከውጭ ጣሳ ሙሉ ረጭቶበታል፣ ሽታው ነበር። ግን አስቡት፤ ኦይል ሲሉ የተሠራው ፈሳሽ እንዳያልፍ ነው። ወደ ውስጥም አያሳልፍም። ቀለበቷ ያለችው ደግሞ ከሲሉ ወዲያ፣ በውስጠኛው ጫፍ ነው። ከውጭ የተረጨው ሁሉ ላስቲክ አጠበ እንጂ እሷ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ በዘይት መሙያው ቀዳዳ ናፍጣና ቀጭን የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለን ወደ ዲፈረንሻሉ ጨመርንና፣ ሞተሩን በቀኝ በኩል በክሪክ አንሥተን ድንጋይ አስደግፈን ወደ ግራ አዘነበልነው። ፈሳሹ ተንሸራቶ ጭራው ላይ ይተኛ ብለን ነው። ሁለት ሌሊት እንዲህ አደረ።

በነዚህ ሁለት ቀናት ከመሥሪያ ቤቱ አምስት ጊዜ ተደወለልኝ። «ምን ላይ ደረሰ?» «ተኝቷል።» «ማን ነው የተኛው?» «ሞተሩ።» በሦስተኛው ስልክ ላይ ሰውዬው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አንድ ቀለበት ሁለት ቀን ትፈጃለች ወይ አለኝ። ለሱ ምንም ያልሠራሁ ነው የምመስለው፤ ከውጭ ሲታይ እውነትም ሞተሩ አዘንብሎ ቆሟል፣ እኔ ቡና እጠጣለሁ። ደብዳቤ የጻፉት አንባቢያችን ይህችን ልብ ይበሉልኝ። ጋራዥ ውስጥ ከሚሰበረው ዕቃ ብዙው የሚሰበረው መካኒኩ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ መጠበቁን ማንም ስለማይከፍለውም ነው። መዶሻ የሚያነሣ ሰው ሥራ ላይ ነው ይባላል። የሚዘፈዝፍ ሰው ሰነፍ ነው።

እኔ ግን ዝም ብዬም አልተቀመጥሁ። ኩባያውን የምይዝበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አፉ ለስላሳና ግራሶ የጠገበ ነው፣ ከውጭ ምንም አይጨብጠውም። ከውስጥ ግን ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የተቆረጠ ቦይ አለ፤ ኳሶቹ እንዳይወጡ የሚከለክል ሽቦ የሚቀመጥበት ነው። ውስጡን በነጭ ጋዝ ሳጥብ ስድስተኛዋን ኳስ አገኘኋት፣ ግራሶ ለብሳ ጥግ ላይ ተኝታለች። ረዳቶቼ እልል አሉ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ባለስትራ ብረት ሁለት ጥፍር አስቆረጥሁ፤ ጥፍሮቹ ቦዩ ውስጥ ይገቡና ከመሐላቸው በሚነዳ ሾጣጣ ብረት ወደ ጎንና ጎን ይወጠራሉ። በነሱ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ አሰርሁ፤ በዘንጉ ላይ መሐሉ የተበሳ ከባድ ብረት ይንሸራተታል፤ ጫፉ ላይ ማቆሚያ አለው። ብረቱን ወደ ራስህ ስትወረውረው ማቆሚያውን ይመታል፣ ምቱም ወደ መጎተት ይለወጣል። መዶሻ ነው፤ ግን ወደ ውጭ የሚመታ መዶሻ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማርሹን ፎሌ፣ ባዶ፣ ላይ አድርገን ጀመርን። አምስት ምት፤ ምንም። እዚህ ላይ ነው አለቃዬ ትዝ ያሉኝ። ቀለበት ላልታ ስትሆን በክብደቷ ወደ ታች ትንጠለጠላለች፣ የተከፈተው ጎኗ የት እንደዞረ ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ አክስሉን ሩብ ዙር እያዞርክ ሞክር ይሉ ነበር፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይቀለዋል። ሩብ ዙር አዞርን፣ አምስት ምት። ምንም። ሌላ ሩብ ዙር፣ አምስት ምት። የሆነ ነገር ድምፁ ተለወጠ፤ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል፣ ድርቅ ያለው ድምፅ ባዶ ይሆናል። በሦስተኛው ሩብ ዙር፣ በሁለተኛው ምት፣ ኩባያው ጧ ብሎ ወጣና ረዳቴን በጀርባው ጣለው። እትዬ ከአጥሩ ወዲያ «ተገላገለ?» አሉ።

ቀለበቷን በጣቴ ይዤ አየኋት። ግማሽ ጎኗ ተበልቷል፣ ክብነቷ ጠፍቶ እንደ እንቁላል ሆናለች። ይህችን ቀለበት መልሶ መክተት ክልክል ነው፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ግን ጎንደር አልተገኘችም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ አስፈልጌ በሰው እጅ መጣች፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ እስክትደርስ ስንት ቀን እንደፈጀ አልጽፍም። ኦይል ሲሉን ግን እዚሁ አገኘሁት፤ ሲል ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ ናቸው፣ በሚሊ ሜትር። ለየትኛው መኪና እንደተሠራ አትጠይቁ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ኩሽኔታም፣ ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለኳስ ቀለበት፣ እንደዚያው ነው፦ 6205 ተብሎ ከተጻፈበት ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ነው፣ ጃፓን ሠራው ቻይና ሠራው። ባለሱቁ «የዚህ ሞተር ዕቃ የለም» ሲላችሁ ቁጥሩን ጻፉና እንደገና ግቡ። ስንት ሰው የባጃጅ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል!

የቀረው ሥራ ሁሌም የምንሠራው ነው። የዲፈረንሻሉን ውስጥ ደጋግመን አጠብን፣ ንጹህ ዘይት ሞላን፣ አክስሉን በአዲስ ቀለበት ገፍተን ቀጭ ስትል ሰማናት፣ መልሰን ሳብ አድርገን መያዟን አረጋገጥን፣ ዳዶው እንዳይላላ አዲስ ኮፒሊያ ከተትን። ቱቦዋን እስከ መሪው አውጥተን አሰርናት። ጨርቁን ለሾፌሩ በእጁ ሰጠሁት።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ሞተሩን ሊረከቡ የመጡት ሰው የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም፣ የርክክብ ቅጹንና አንድ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ መጽሐፍ ይዘው መጡ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሁ። «አይ፣ ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው፤ በንብረት ቁጥር ስለተመዘገበ አብሮ እየተቆጠረ ነው» አሉኝ። የጥገና መጽሐፉ ነው። ሞተሩ ከተገዛ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስብሰባ። ይዘውት የመጡትም ሊያሳዩኝ አይደለም፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲያዛውሩት መንገድ ላይ ስለሆንሁ ነው። ፕላስቲኩን ልቅደድ ብዬ ለመንኋቸው፤ አመንትተው ፈቀዱ።

ረዳቴ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። ገጹን ገለጠው። ሥዕሉ ላይ ኩባያው አለ፣ ቀስት ተሥሎበታል። ከሥሩ ተጽፏል፤ የውስጡን ጆይንት ይዘህ ቀጥ አድርገህ ድንገት ሳብ፣ ዘንጉን ይዘህ አትሳብ፣ ኦይል ሲሉን እንዳትጎዳ፣ ቀለበቷን በወጣች ቁጥር ቀይር። አራት መስመር። ከኔ በፊት የነበረው ጋራዥ ኩባያው ላይ ያጠፋው ሁሉ በአራት መስመር አትሥራ ተብሏል። ትንሽ ገለጥ ሲያደርግ ደግሞ የቱቦዋ ሥዕል፤ እንዳትደፈን፣ እንዳትታጠፍ እያለ። ያንን ሾፌሩ ቢያየው ኖሮ ወደዚህ ሁሉ ባልመጣን።

እንግዲህ አንባቢያችን የጻፉት እውነት ነው፤ እኛ እናበላሻለን። ግን ለማን ነው የምናስረዳው? ሞተሩ ወደ ጋራዥ ይመጣል፣ መጽሐፉ ቢሮ ይቀራል። አብረውት የመጡት ልዩ መፍቻዎችም እንዲሁ፤ በካርቶናቸው ውስጥ ንብረት ክፍል ተደርድረው በየዓመቱ ይቆጠራሉ። መጽሐፉ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ሞተሩ ቢሰበር «አርጅቶ ነው» ይባላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቁልፉን ጠበቅ ማድረጉ አይገርምም። እኔ የንብረት ሰው ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ይሆናል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ማንም መሥሪያ ቤት፣ ማንም ፕሮጀክት፣ ማንም የሎጅ ባለቤት ማሽን ወደ ጋራዥ ሲልክ መጽሐፉን ወይም የሚፈለገውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አብሮ ይላክልን። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ደግሞ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምንሠራው በሁለት መስመር ጠይቁን። «ግማሽ ቀን» ያለውንና «ሦስት ቀን» ያለውን ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ምናልባት ግማሽ ቀን ያለው ትክክል ይሆናል፣ እኔ ሁሌም ትክክል ነኝ አላልሁም። ደብዳቤ የጻፉት አንባቢም ቡሎናቸው ተቆርጦ ስላዘኑ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩን «ዛሬ ካልደረሰ» ሳይሉ በፊት ማታውኑ ዘይት እንዲቀባው ነግረው ይሂዱ። ወደ እኔም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የተቆረጠውን ቡሎን አወጣላቸዋለሁ፣ ሒሳቡን እንነጋገራለን።

የዚያን ሞተር መጽሐፍ መልሼ ከማስረከቤ በፊት 11 ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥቻለሁ። ገጾቹ አሁን ግድግዳዬ ላይ ተለጥፈዋል፣ አንደኛው ላይ የእትዬ ቡና ፈስሶበታል፣ ቀስቱ ግን ይታያል። እንዲህ ያለ ሞተር ይዞ የተቸገረ መካኒክ፣ ያ ግማሽ ቀን ያለው ልጅም ቢሆን፣ መጥቶ ማየት ይችላል። ጥፍሩንና ተንሸራታቹን ብረትም አውሳለሁ፣ መታወቂያ አስይዞ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አልገኝም፤ ቅዳሜ ገበያ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መካኒክ
ከጎንደር፣ አዘዞ መንገድ